ዓይን በተጋረደ ጊዜ
በጉም ውስጥ መርከቦች የሚነጋገሩበት ድምፅ፤ ለቤተ ሰብም የሚሆነው ትምህርት

ባለፈው ነሐሴ ከዳባት ተነሥተን ወደ ደባርቅ ስንጓዝ ጉም ያዘን። የሰሜንን አገር ያየ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ በዚያ ደጋ ጉም ከሰማይ የሚወርድ ብቻ አይደለም፤ ከገደሉ ሥርም ይወጣል። በቆላው የሞቀው እርጥብ አየር ሽቅብ ሲነሣ ይቀዘቅዛል፤ በቀዘቀዘም ጊዜ በውስጡ ያለው ውሃ ጥቃቅን ነጠብጣብ ሆኖ ሸንተረሩን ያለብሰዋል። ስለዚህ ማለዳ ጥርት ብሎ የታየው ተራራ እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ ከዓይን ይሰወራል። በክረምትማ ጉሙ ቀኑን ሙሉ ሳይገለጥ የሚውልበት ጊዜ ብዙ ነው።

ከዳባት ወጥተን ጥቂት እንደ ሄድን ፊት ለፊታችን ያለው መንገድ ጠፋ። ነጂያችን የመኪናውን መብራት አበራ፤ ነገር ግን ጮራው ከጉሙ ላይ እየተመለሰ ዓይናችንን ከማጥበርበር በቀር አልጠቀመንም። እርሱም የብዙ ዘመን ልምድ ያለው ሰው ነበረና ከእግረኛ ርምጃ በማይበልጥ ፍጥነት እየነዳ፣ በየጥቂቱ ጥሩምባውን ያሰማ ነበር። በዚህ ሁኔታ ስንሄድ ከመኪናው ፊት ሦስት ርምጃ በማይሞላ ስፍራ ድንገት የበሬ ቀንድ ታየን። ነጂው ፍሬኑን ረገጠ፤ መኪናውም ቆመ። ከበሬው ኋላ ዕድሜው ዐሥር ዓመት የሚሆን እረኛ ጋቢውን ተከናንቦ ቆሞ ነበር።

«ልጄ፣ ጥሩምባውን አልሰማህምን?» ብለን ጠየቅነው።

«ሰምቻለሁ ጋሼ» አለ።

«ታዲያ ስለ ምን አልጮኽህም?»

«ከብቶቹ መንገዱን ስለ ያዙ ትቆጡኛላችሁ ብዬ ፈራሁ» ሲል መለሰልን።

ይህን የሕፃን መልስ በሰማን ጊዜ ሁላችንም ዝም አልን። አብረውን ይጓዙ የነበሩ አንዲት የደባርቅ ወይዘሮ ግን ከመኪናው ወርደው ልጁን ወደ መንገዱ ዳር አቆሙት፤ ራሱንም ዳሰስ አድርገው፣ «ልጄ፣ የተቆጣህ ሰው አይገድልህም፤ ያላየህ ሰው ግን ይገድልሃል፤ መኪና በሰማህ ጊዜ ጩህ» አሉት። ተመልሰው ከተቀመጡ በኋላም ብዙ ሳይቆዩ እንዲህ ሲሉ ጠየቁን፤ «የእኔ ልጅ በመርከብ ላይ ተቀጥሮ ባሕር ለባሕር ይዞራል። በባሕርስ ላይ ጉም አለን? የእርሱ መርከብ ሌላውን መርከብ በምን ያውቀዋል?»

በመንገድ ላይ የምናውቀውን ያህል ነገርናቸው። ነገሩ ግን ልጁን ወደ ሩቅ አገር ለላከ ወላጅ ሁሉ፣ በደጋው ጉም ውስጥ ልጆቹን ለሚያሰማራም ቤተ ሰብ የሚጠቅም መስሎ ስለ ታየን፣ ዛሬ በሰፊው ልንጽፈው ወደድን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ የጠየቁትን እንመልስ፤ በባሕር ላይ ጉም አለ። ጉም ብቻም አይደለም፤ ከባድ ዝናም፣ በረዶ፣ በቀይ ባሕር አካባቢ ደግሞ ከምድረ በዳ ተነሥቶ ባሕሩን የሚያለብስ አቧራና አሸዋ አለ። በምድር ላይ መንገዱ ዳርና ዳር አለው፤ በባሕር ላይ ግን መርከብ ከየትኛውም አቅጣጫ ሊመጣ ይችላል። ትልቅ መርከብም እንደ መኪና ፍሬን ተረግጦ ወዲያው አይቆምም፤ መኪናው ከጠፋ በኋላ እንኳ በክብደቱ ብዙ ርቀት ይንሳፈፋል። ስለዚህ አንዱ መርከብ ሌላውን በዓይኑ እስኪያየው ድረስ ቢጠብቅ ጊዜው አልፎ ይገኛል። ይህን አደጋ ለማራቅ መንግሥታት በ1972 ለንደን ላይ ተሰብስበው፣ በባሕር ላይ መጋጨትን የሚከላከል አንድ ዓለም አቀፍ ደንብ አጸደቁ። ደንቡም ከ1977 ጀምሮ ይሠራበታል። ከእርሱ በፊትም ተመሳሳይ ደንቦች ነበሩ። ይህ ደንብ መርከበኛ ዘወትር በዓይኑም በጆሮውም ነቅቶ እንዲጠብቅ ያዝዛል፤ ዓይን በተጋረደም ጊዜ፣ ቀንም ቢሆን ሌሊት፣ እያንዳንዱ መርከብ ምን እንደ ሆነ በድምፅ እንዲናገር ያስገድዳል።

የመነጋገሪያው ዕቃ ሦስት ዓይነት ነው። ርዝመቱ 12 ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ መርከብ ጥሩምባ ሊኖረው ይገባል፤ 20 ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነው ደወል ይጨምራል፤ 100 ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነው ደግሞ በስተኋላው ድምፁ ከደወል ጋር የማይምታታ፣ እንደ ሰፊ ሰሐን ያለ የሚመታ ነሐስ ይይዛል። ጥሩምባውም ሁለት ዓይነት ቃል አለው። ረዥሙ ድምፅ ከ4 እስከ 6 ሰከንድ ይቆያል፤ አጭሩ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። ከእነዚህ ከሁለቱ የባሕር ሰዎች ሙሉ ንግግር አውጥተዋል።

በሞተር ኀይል እየሄደ ያለ መርከብ ከ2 ደቂቃ በማይበልጥ ጊዜ ውስጥ አንድ ረዥም ድምፅ እያሰማ ይጓዛል፤ ይህም «እነሆ፣ እየመጣሁ ነው» ማለት ነው። ሞተሩን አቁሞ ከውሃው ላይ ሳይንቀሳቀስ የቆመ፣ ነገር ግን መልሕቅ ያልጣለ እንደ ሆነ፣ ሁለት ረዥም ድምፅ በመካከሉ 2 ሰከንድ ያህል አሳርፎ ያሰማል፤ «አለሁ፤ ነገር ግን ቆሜአለሁ» ማለቱ ነው። መልሕቅ የጣለ መርከብ ከ1 ደቂቃ በማይበልጥ ጊዜ ለ5 ሰከንድ ያህል ደወሉን በፍጥነት ይደውላል። መርከቡ 100 ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ደወሉ በስተፊቱ ከተደወለ በኋላ ነሐሱ በስተኋላው ይመታል፤ በዚህም የሚሰማው ሰው የመርከቡ ራስና ጅራት ወዴት እንደ ሆነ ይለያል። ሌላ መርከብ ሲቀርበውም አጭር፣ ረዥም፣ አጭር ድምፅ አሰምቶ ያስጠነቅቀዋል። ከድንጋይ ወይም ከአሸዋ ላይ ወጥቶ የተያዘ መርከብ ደግሞ ከፈጣኑ ደወል በፊትና በኋላ ሦስት ሦስት ጊዜ ለየት ለየት አድርጎ ይመታል፤ ይኸውም «ምድር ይዞኛል፤ ወደ እኔ አትምጡ» ማለት ነው።

ከሁሉ ይልቅ ልብ እንድትሉት የምንወደው ግን አንድ ረዥምና ሁለት አጭር የሆነውን ድምፅ ነው። ይህን የሚያሰማው መሪው ተሰብሮ ወይም መኪናው ተበላሽቶ ራሱን ማዘዝ የተሳነው መርከብ ነው። በነፋስ የሚሄድ ባለሸራ፣ መረብ የዘረጋ ዓሣ አጥማጅ፣ ሌላውን የሚጎትት፣ በሥራው ምክንያት እንደ ልቡ መዞር የማይችል መርከብም ይህንኑ ያሰማሉ። የሚጎተተው መርከብ ሰዎች ያሉበት እንደ ሆነ አንድ ረዥምና ሦስት አጭር ይጨምራል። ትርጓሜው «እኔ መንገድ ልለቅላችሁ አልችልም፤ እናንተ ልቀቁልኝ» ማለት ነው። እንግዲህ በባሕር ሕግ አለመቻልን መናገር ውርደት አይደለም፤ ግዴታ ነው። የመርከቡ አዛዥ ክብሩን ጠብቆ «እንደሚችል መስዬ ልለፍ» ቢል፣ የራሱንም የሌላውንም ነፍስ ያጠፋል።

ትንሹ ሰውም ከዚህ ሕግ አልወጣም። ከ12 ሜትር የሚያንስ ጀልባ የተዘረዘሩትን ምልክቶች እንዲሰጥ አይገደድም፤ ነገር ግን ከ2 ደቂቃ በማይበልጥ ጊዜ በሌላ በማናቸውም የሚሰማ ድምፅ መኖሩን ማስታወቅ አለበት። ሕጉ ዝም ማለትን ለማንም አልፈቀደም።

የድምፁ ውፍረትና ቅጥነትም ያለ ምክንያት አልተደረገም። ትልቁ መርከብ በወፍራም ድምፅ፣ ትንሹ በቀጭን ድምፅ እንዲናገር ተወስኗል። ስለዚህ የሰማው ሰው ስለ መጭው መርከብ ታላቅነት አስቀድሞ ይረዳል። 200 ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነው መርከብ ጥሩምባ በተለመደው ሁኔታ 2 የባሕር ማይል፣ ማለት ከ3,700 ሜትር በላይ ይሰማል ተብሎ ይታሰባል፤ ከ20 ሜትር የሚያንሰው ግን ግማሽ ማይል ብቻ ነው። ወፍራሙ ድምፅ ርቆ እንደሚሄድ ስለ ታወቀበት ነገር አንድ የቤት ታሪክ ይነገራል። በስኮትላንድ ተወልዶ በካናዳ ይኖር የነበረ ሮበርት ፎውሊስ የሚባል መሐንዲስ፣ አንድ ምሽት በጉም ውስጥ ወደ ቤቱ ሲመለስ ልጁ ፒያኖ ስትመታ ከሩቅ ሰማ ይባላል። ቀጫጭኖቹ ድምፆች ጠፍተው ወፍራሞቹ ብቻ ከጆሮው ደረሱ። እርሱም ይህን አስተውሎ በእንፋሎት ኀይል የሚነፋ ትልቅ የጉም ጥሩምባ አሰበ፤ ጥሩምባውም በ1859 በሴንት ጆን ወደብ አጠገብ ባለችው በፓርትሪጅ ደሴት ተተከለ። ፎውሊስ ግን የፈጠራ መብቱን ሳያስከብር ቀርቶ በ1866 በድኽነት ሞተ። የብዙ ሰው ነፍስ ያዳነው ጥሩምባ፣ እንደ ታሪኩ፣ አንዲት ልጅ በቤቷ ስትለማመድ ከሰማ አባት የመጣ ነው።

ነገር ግን ድምፅ መስማት ብቻውን አያድንም። ድምፅ በጉም ውስጥ ያታልላል፤ ከቀኝ የመጣው ከግራ የመጣ ይመስላል፤ አንዳንድ ጊዜም አየሩ ድምፁን ወደ ላይ አጥፎት ቅርብ ያለው ሳይሰማ ሩቅ ያለው ይሰማል። ስለዚህ ደንቡ «ሰምቻለሁና ዐውቄዋለሁ» ማለትን ይከለክላል። ከፊቱ የጉም ምልክት የሰማ መርከብ፣ የመጋጨት አደጋ እንደሌለ ካላረጋገጠ በቀር፣ ፍጥነቱን መሪውን መያዝ እስከሚችልበት ዝቅተኛ መጠን ድረስ እንዲቀንስ፣ ካስፈለገም ፈጽሞ እንዲቆም ታዝዟል። በዘመናችን ራዳር የሚባለው መሣሪያ በጉም ውስጥ ያለውን መርከብ ያሳያል፤ ይሁን እንጂ መሣሪያው ጥንቃቄን አይተካም። በሐምሌ 25 ቀን 1956 አንድርያ ዶርያ የምትባለው የኢጣልያ መርከብና ስቶክሆልም የምትባለው የስዊድን መርከብ በአሜሪካ ናንተኬት ደሴት አጠገብ ሲጋጩ፣ ሁለቱም ራዳር ነበራቸው። አንድርያ ዶርያ በጉም ውስጥ ስትሄድ ፍጥነቷን የቀነሰችው ጥቂት ብቻ ነበር። ከ1,600 የሚበልጡ ሰዎች ቢድኑም 51 ነፍስ ጠፋ።

ከዚህ የባሰ አደጋ በግንቦት 29 ቀን 1914 በካናዳ በሴንት ሎረንስ ወንዝ ላይ ደርሷል። ኤምፕረስ ኦፍ አየርላንድ የምትባለው መርከብ 1,477 ሰዎች ይዛ ስትሄድ፣ ስቶርስታድ ከምትባለው የኖርዌይ የድንጋይ ከሰል መርከብ ጋር ሌሊት መብራታቸውን ተያይተው ነበር። ወዲያው ጉም በመካከላቸው ገባ። ጥሩምባ ተነፋ፤ ተሰማም፤ ሆኖም ስቶርስታድ ጉሙን ሰንጥቃ ወጥታ የኤምፕረስን ጎን ወጋች። ኤምፕረስ በ14 ደቂቃ ውስጥ ሰጠመች፤ 1,012 ሰዎችም ሞቱ። ነገሩን በካናዳ የመረመረው ጉባኤ፣ ጥፋቱ የስቶርስታድ ሹም በጉም ውስጥ አቅጣጫ መለወጡና ጉሙ ሲመጣ እያየ አዛዡን ከእንቅልፉ ሳይቀሰቅስ መቅረቱ ነው ሲል ፈረደ፤ በኖርዌይ በኩል የተደረገው ምርመራ ግን ጥፋቱን በኤምፕረስ ላይ አደረገ። ፍርዱ በማንም ቢሆን፣ አንድ ነገር ለሁላችንም ግልጥ ነው። ነገር ከአቅሙ በላይ ሊሆን ሲል ያየ ሰው ታላቁን መቀስቀስ አለበት፤ የተቀሰቀሰውም ታላቅ «ስለ ምን ቀሰቀስኸኝ» ብሎ መቆጣት አይገባውም።

ይህ ነገር ከአገራችን ሩቅ ነው የሚል እንዳይኖር ጥቂት እንጨምር። የኢትዮጵያ ንግድ መርከብ ድርጅት በ1964 ተቋቁሞ መርከቦቹ የአገራችንን ሰንደቅ ዓላማ ይዘው በዓለም ወደቦች ሲታዩ ኖረዋል። ከ1993 ወዲህ አገራችን የባሕር ጠረፍ ባይኖራትም መርከቦቿ ሥራቸውን አላቆሙም፤ ድርጅቱም በ2011 ከሌሎች ጋር ተዋሕዶ ሰፍቷል። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር፣ ቢሾፍቱ አጠገብ በባቦጋያ ሐይቅ ዳር በሚሰጠው የባሕር ትምህርትም፣ ባሕር አይተው የማያውቁ የደጋ ልጆች ሠልጥነው በልዩ ልዩ አገር መርከቦች ላይ ያገለግላሉ። ከእነርሱም አንዱ የእኒያ ወይዘሮ ልጅ ነው። እርሱ በጉም ውስጥ በመርከቡ ራስ ላይ ቆሞ ጆሮውን ሲያቀና፣ በልጅነቱ በደባርቅ ሜዳ የጠፋች ላም ቃጭል ለመስማት እንዳደረገው ነው ብለን ብንገምት የምንሳሳት አይመስለንም።

የሰሜን እረኞችም በበኩላቸው ያለ ምልክት የሚኖሩ አይደሉም። የከብቱ ቃጭል አለ፤ ፉጨትና ዋሽንት አለ፤ ነሐሴ 13 ቀን ለቡሄ የሚያጮኹት ጅራፍም ከአንዱ ኮረብታ ወደ ሌላው ይሰማል። የቤተ ክርስቲያን ደወል ደግሞ በጉም ለጠፋ መንገደኛ መንደሩ ወዴት እንደ ሆነ ይነግረዋል። ከደባርቅ ወደ ዓዲ አርቃይ በሚያወርደው በልማልሞ ጠመዝማዛ መንገድ ነጂዎች በየማጠፊያው ጥሩምባ ያሰማሉ። ከሳንቃበርና ከግጭ በኩል ግን ከ1,000 ሜትር በላይ የሚወርድ ገደል አለና፣ በጉም ውስጥ አንድ ርምጃ መሳሳት መመለሻ የለውም። ስለዚህ ልጆቹን የሚያሰማራ ቤተ ሰብ የባሕሩን ደንብ ወደ ቤቱ ቢያገባው መልካም ይመስለናል።

መጀመሪያ፣ ጉም የያዘው ልጅ መንገድ ፍለጋ እንዳይሄድ፣ ባለበት እንዲቆም ይማር፤ መርከብም በጉም ውስጥ የሚድነው ፍጥነቱን በመቀነስ ነው። ሁለተኛ፣ ቤተ ሰቡ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ምልክት ይኑር፤ ለምሳሌ አንድ ረዥም ጩኸት «አለሁ» ማለት ይሁን፤ አንድ ረዥምና ሁለት አጭር «ተቸግሬአለሁ፤ ኑልኝ» ማለት ይሁን። ሦስተኛ፣ የሚጮኸው ልጅ በመካከሉ ዝም ብሎ ይስማ፤ ያለማቋረጥ የሚጮኽ ሰው የሚመልስለትን አይሰማምና። አራተኛ፣ የሰማ ሰው ሁሉ ይመልስ፤ እስኪደርስም ድረስ ድምፁን አያቋርጥ። ይህን ሁሉ ለማስተማር ገንዘብ አያስፈልግም፤ ጉም በሌለበት ቀን በደጅ ላይ እንደ ጨዋታ ቢለማመዱት ይበቃል።

ነገር ግን ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ሌላ ነው። ያ እረኛ ድምፅ አላጣም፤ ጥሩምባውንም ሰምቶ ነበር። ዝም ያሰኘው ፍርሃት ነው። በሹመትና በማዕርግ ያለን ሰዎች በቤታችንም በቢሮአችንም የሚያገለግሉንን፣ ልጆቻችንንም «ጥፋት ይዤ ከተገኘሁ እቆጣለሁ» በሚል ፊት ብቻ ካሳደግናቸው፣ መሪው ሲሰበርባቸው እንደሚችሉ መስለው ያልፋሉ፤ ጉሙም ሲመጣ ሳይቀሰቅሱን ይቀራሉ። ከዚያ በኋላ የምናውቀው ጉዳቱ ከደረሰ ወዲያ ነው። ቁጣ የሚገባው ዝም ላለ እንጂ ችግሩን ለተናገረ አይደለም።

ከእረኛው ተለይተን ጥቂት እንደ ራቅን ከኋላችን በጉሙ ውስጥ ድምፁ ተሰማን። እንደ ተነገረው ይጮኽ ነበር። ነጂያችንም ጥሩምባውን አንድ ጊዜ አሰምቶ መለሰለት።

ደባርቅ ደርሰን ስንሰነባበት እኒያ ወይዘሮ እንዲህ አሉን፤ «ልጄ በስልክ በጠራኝ ቁጥር፣ ‹ደኅና ነኝ እናቴ› ብቻ ነው የሚለኝ። አንድ ቀን ድምፁ ተለውጦ ሰምቼ ብጠይቀው ያንኑ መለሰልኝ፤ እኔም ደስ ይበለው ብዬ ዝም አልኩ። ዛሬ ማታ ሲጠራኝ ግን፣ ‹መርከብህ እንኳ ሲቸግረው ይናገራል፤ አንተም ንገረኝ፤ አልቆጣህም፤ አልደነግጥብህምም› እለዋለሁ።»

የተከበራችሁ አንባቢዎች ሆይ፤ እኛም ከዚህ የተሻለ ምክር አላገኘንምና በእርሳቸው ቃል ጽሑፋችንን እንፈጽማለን።